የቸኮለችው ዳክዬ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አውቶቡስ ለምሳ ቆሞላችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሀጂራን ሳታዩዋት አትቀሩም። ከባቲ መጥታ ሆቴል የከፈተች፣ ቀጠን ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። አውቶቡሱ ገና ፍሬን ሲይዝ ጥብሱ መንጫጫት ይጀምራል፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ሳይነፋ ሰው ሁሉ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ይወጣል። አስተናጋጆቿ "ቀልድ አታውቅም" እያሉ ያሟታል። እንዲህ የምትታማው ሴት ግን ከወጣትነቷ ጀምሮ ስለ አንዲት ዳክዬ ስትጨቃጨቅ ኖራለች።

ጭቅጭቋ ከተገኘ ጋር ነው። ተገኘ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጋፋ፣ ሳቁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው። ሲወርድም ሲመለስም ሀጂራ ሆቴል ሳይቆም አያልፍም። ሲገባ ደግሞ እንደ ሰው ሰላምታ መስጠት የለም።

"ሰባተኛዋን እንቁላል ያሻገርኩት ሰውዬ መጥቻለሁ!" ይላል ከበሩ ላይ።

"ውሸታሙ መጣ፤ ጥብስ አድርጉለት" ትላለች ሀጂራ ከባንኮኒው ኋላ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ነገሩ የተጀመረው ሀጂራ ልጅ እግር ሆና አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ስትሠራ ነው። ቢሮው ያኔ ብርቅ የነበረውን ኮምፒውተር ገዛ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ማን እንደጫነው የማይታወቅ አንድ ጌም ነበረ። ዳክዬ ናት። እንቁላሏን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ፣ ከግንድ ግንድ እየዘለለች ወንዝ ታሻግራለች። ከኋላዋ ቀበሮ ይከተላታል። አንዱን እንቁላል ካሻገረች ሌላውን ለማምጣት ትመለሳለች፤ ወንዙም ይሰፋል፣ ቀበሮውም ይብስበታል። ሀጂራ የማመልከቻ ጽሑፉን አስቀምጣ ዳክዬዋን ስታሯሩጥ ትውል ነበር። አምስት እንቁላል አሻግራለች። ከዚያ በላይ ግን ቀበሮው አላሳለፋትም።

ተገኘ ያን ጊዜ ወጣት ሹፌር ነበር። ወረቀቱ እስኪያልቅለት ቢሮው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሀጂራ ለሰላት ስትወጣ ወንበሯ ላይ ዘፍ ይላል። አንድ ቀን ከዙህር ስትመለስ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ ሲጮህ ደረሰች።

"ሰባተኛዋን አሻገርኳት! ዘውድ ጫነች! ዳክዬዋ ዘውድ ጫነች!"

ሀጂራ ስክሪኑን አየችው። ጥቁር ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር።

"ማን አየህ?"

"እመብርሃን አየችኝ!"

ሌላ ምስክር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ቢሮው ተዘጋ፣ ዕቃው ተበተነ፣ ሀጂራ ሆቴል ከፈተች፣ ተገኘም ወፈረ። ጭቅጭቁ ግን እንዳለ ቀረ። አምስተኛዋን ያለፈ ሰው በዓይኗ አይታ የማታውቀው ሀጂራ፣ የዘውዱን ወሬ በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ተገኘም ይህን ስለሚያውቅ ዘውዱን በየዓመቱ ያሳምረዋል። መጀመሪያ ተራ ዘውድ ነበር፤ በኋላ ዕንቁ ጨመረበት፤ ሰሞኑን ዳክዬዋን ዳንስም አስጀምሯታል።

አሁን በቅርቡ፣ አንድ ማለዳ፣ ለሆቴሉ እንቁላል የምታቀርበው ውባንች ባዶ እጇን መጣች። ውባንች የዚያው የትራንዚት ቢሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበረች፣ ዛሬ ዶሮ የምታረባ ጎረቤት ናት።

"ዛሬ የለኝም፤ ወሰራዋ ዶሮዬ ታቅፋብኛለች" አለች። "ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብታ አልነሳም ብላለች።"

ሀጂራ የያዘችው ማንኪያ ቆመ። "የምን ኮምፒውተር?"

"የቢሮውን ነዋ። ቢሮው ሲዘጋ ለልጆቼ ብዬ ወስጄው አልነበር? ከተበላሸ በኋላ ጎኑን ከፍቼ ጭድ አደረግሁበት። ዶሮዎቹ ከሱ ሌላ ቦታ አይጥሉም።"

ሀጂራ በዝግታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ለተሳፋሪ የጠበሰችው እንቁላል ከዚያ ኮምፒውተር ሆድ ሲወጣ ኖሯል። ሱብሀነላህ! ማስረጃው ከጓሮ ሁለት አጥር አልፎ ተቀምጦ እሷ ከውሸታም ጋር ስትከራከር!

ወዲያው ሰመራ ለምትኖረው የእህቷ ልጅ ለሙኒያ ደወለች። ሙኒያ ሰመራ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አላት። ነገሩን ስትሰማ በመጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ሥራዋን ያዘች።

"አክስቴ፣ ሳጥኑ ሁሉ አያስፈልግም። ውስጡ ሃርድ ዲስክ የሚባል፣ የሳርዲን ቆርቆሮ የሚያክል ከባድ ብረት አለ። ጌሙ ያለው እሱ ላይ ነው። እሱን ፈትተሽ አምጪልኝ፤ ዶሮዋን ተያት።"

ዶሮዋን መተው ግን ዶሮዋም ስትፈቅድ ነው። ተገኘ በዚያው ቀን ባዶውን እየወረደ ነበርና ሀጂራ ነግራው ካቻቢቴ ይዞ ውባንች ጓሮ ገባ። ወሰራዋ በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ላባዋን ነፍታ፣ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጣለች። ብረቱ ደግሞ ልክ ከሆዷ ሥር ነው።

"ተነሺልኝ እንጂ እመቤት" አላት ተገኘ፣ እጁን በቀስታ እያስገባ።

ነቆረችው። ተገኘ እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው፣ ዱላ ያረፈበት ያህል ጮኸ።

"እንዳትነሳ! እንቁላሉ ይበርዳል!" ትላለች ውባንች በአንድ በኩል።

"አንዴ ነው፣ ቻለው!" ትላለች ሀጂራ በሌላ በኩል።

ተገኘ አንድ ብሎን ይፈታል፣ ትነቁረዋለች፤ አንድ ብሎን ይፈታል፣ ትነቁረዋለች። በመጨረሻ ብረቱን መንጭቆ ሲያወጣ እጁ በርበሬ የተዘራበት መስሏል። ወሰራዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጭዱን በእግሯ አስተካክላ መታቀፏን ቀጠለች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሀጂራ ሆቴሉን ለአስተናጋጆቿ ትታ፣ ሃርድ ዲስኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ጋቢና ላይ ወጣች። ሆቴሉን ትታ ወጥታ የማታውቅ ሴት መሆኗን የሚያውቁት አስተናጋጆች የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው "አላህ ያጽናሽ" ብለው ሸኟት። ገዋኔ እስኪደርሱ ስለ ዘውዱ ተከራከሩ። ገዋኔ ቆመው ሻይ ጠጡና ስለ ዳንሱ ተከራከሩ። ሚሌን አልፈው ሎግያ ሲቃረቡ ሁለቱም ድምፃቸው ዘግቶ ነበር።

የሙኒያ ሱቅ ትንሽ ናት፤ ትልቁ ነገሯ ኤሲው ነው። ከውጪው እሳት ገብተው እፎይ ሲሉ ሙኒያ ብረቱን በብሩሽ ጠረገችው፣ አራገፈችው። አንዲት ቡናማ ላባ ብድግ ብላ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። በገመድ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። ብረቱ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ክር ክር ክር አለ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ክር አለና መዞር ጀመረ።

"አለ!" አለች ሙኒያ። "ጌሙ አለ፣ አክስቴ!"

"አልሀምዱሊላህ! በይ ክፈቺው።"

ሙኒያ ስትነካው አንድ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

"ምን ይላል?" አለች ሀጂራ።

"ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ በጣም አዲስ ነው፤ የጌሙን ቋንቋ አይሰማም።"

ሀጂራ ተቆጣች። "አዲስ ሆኖ ነው አሮጌ የሚንቀው? ማን አሳደገው?"

"ንቀት አይደለም አክስቴ። የሚያስማማቸው ፕሮግራም አለ፤ እሱን ከኢንተርኔት እያወረድኩ ነው። ግን ዛሬ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። እስከዚያ በሌላ እንሞክር" አለችና ከመደርደሪያ አንድ ጎልማሳ ላፕቶፕ አወረደች። የድሮ ሲስተም ጭናበታለች። ጌሙን ወደሱ ገልብጣ ከፈተችው።

በዚህኛው ተከፈተ! ሰማያዊው ወንዝ መጣ፣ ግንዶቹ መጡ፣ ዳክዬዋ እንቁላሏን ተሸክማ ብቅ አለች። ሀጂራ ያንን ቢጫ መንቁር ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ቢስሚላህ" ብላ ጣቷን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች።

ጣቷ ሳይደርስ ዳክዬዋ ሞተች።

ሁለተኛዋ ዳክዬ ወጣች፤ ሞተች። ሦስተኛዋ ወጣች መሰለ፤ ማንም አላያትም። ግንዶቹ እንደ ጥይት ያልፋሉ፤ ቀበሮው ቡናማ መስመር ብቻ ነው። ጌሙ አለቀ።

"ምን ሆነች?" አለ ተገኘ። "ምርቃና ላይ ናት እንዴ?"

ሙኒያ እየሳቀች አስረዳቻቸው። "ጋሽ ተገኘ፣ ጌሙን የሠሩት የድሮ ኮምፒውተር በሚሮጠው ልክ ነው። የድሮው አዝጋሚ ስለነበር ዳክዬዋ ደህና ትሄዳለች። ይሄኛው ፈጣን ስለሆነ እሷም አብራ ትበራለች።"

"ታዲያ ፍሬን የለውም?"

"የለውም። ብቻ..." አለች ሙኒያ፣ ሳታስበው፤ "ኮምፒውተር በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ይቀዘቅዛል፣ ማለቴ ፍጥነቱን ይቀንሳል።"

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። ተገኘና ሀጂራ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ሁሉ የጭቅጭቅ ዘመን አንድ ሐሳብ እኩል ሲመጣላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ያለነው ሰመራ ነው" አለ ተገኘ በቀስታ።

"ኤሲውን አጥፊው" አለች ሀጂራ።

ኤሲው ጠፋ። በሩ ተዘጋ። ለትንሽ ጊዜ ተቀምጠው ላብ እያፈሰሱ ዳክዬዋን አዩ። ያው ናት፣ ትበራለች። "ይሄ ለሷ ነፋሻ ነው" አለ ተገኘ፤ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣና ፀሐይ ላይ ስትጠበስ የቆየችው መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባ። ሀጂራ ተከተለችው። ሙኒያ "ተዉ እናንተ ሰዎች!" እያለች ብትለምንም መስኮቱን እስከ ላይ ዘጉት። ተገኘ የሚተኛበትን ብርድ ልብስ አውጥቶ ላፕቶፑን ስክሪኑና ኪቦርዱ ብቻ እስኪቀር እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው።

የሰመራ ቀትር በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ምን እንደሚመስል ለጠላትም አይነገር። የተገኘ ሸሚዝ ወዲያው ከገላው ጋር ተጣበቀ። ሀጂራ ሻሿን ጨምቃ መልሳ አሰረችው። አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲቀልጡ አየ፤ ራሱን ነቀነቀና ግመሉን ይዞ ሄደ።

"ቀነሰች!" ብላ ጮኸች ሀጂራ። "ወላሂ ቀነሰች!"

እውነትም ቀንሳለች። መብረሩን ትታ መሮጥ ጀምራለች። ሀጂራ አንድ ግንድ ዘለለች። ሁለት ግንድ ዘለለች። "ሂጂ! ሂጂ የኔ እናት!" ይላል ተገኘ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። ሌላ ግንድ። ማዶው ታየ።

ላፕቶፑ አንዴ ጢው አለና ጠፋ።

በሩን ከፍተው ሲወርዱ ሙኒያ የቀዘቀዘ ውሃ ይዛ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ጠጡ መጀመሪያ" አለች። "ከዚያ ኮምፒውተሬን አምጡ። ሞቶ ከሆነ ሁለታችሁንም እዚሁ አስቀብራችኋለሁ። ፕሮግራሙ እኮ ወርዶልኛል!"

ላፕቶፑ አልሞተም፤ ኤሲው ፊት ተደግፎ ቀስ በቀስ ነፍሱ ተመለሰች። ሙኒያ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ የወረደውን ፕሮግራም ጫነች።

"ይሄ የሚሠራው ማስመሰል ነው። በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ይፈጥራል። ጌሙ ሲነሳ ያኔ ቢሮ የነበረው ኮምፒውተር ላይ ያለ ይመስለዋል።"

"ታታልዪዋለሽ ማለት ነው?" አለች ሀጂራ።

"እንደዚያ በዪው።"

"ሀራም አይሆንም?"

"ዳክዬ ማታለል? ሼኽ ጠይቂልኝ" አለች ሙኒያ፣ ጌሙንም ከፈተችው።

ይቺኛዋ ዳክዬ እንደ ሙሽራ ነበር የምትሄደው። አንድ እግሯን አንስታ እስክታስቀምጥ ሻይ ያስጠጣል። ሙኒያ ቁልፍ እየነካች ፍጥነቷን ጨመረች። "በዛ!" አለች ሀጂራ። ቀነሰች። "አነሰ!" አለ ተገኘ። እንዲህ እያሉ ሲከራከሩ ድንገት ሁለቱም አፋቸው ተዘጋ። ያ የዱሮው እርምጃ መጣ። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ፣ ያ ጅራት ማወዛወዝ። ሀጂራ የቢሮው ግድግዳ ላይ የነበረው የመርከብ ሥዕል፣ የካርቦን ወረቀቱ ሽታ ትዝ አላት። ተገኘም ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜ ቀጭኑ ወጣት ለመሆን የሞከረ ይመስላል።

መጀመሪያ እሱ ተጫወተ፤ "ባለ ዘውድ ይቅደም" ብሎ። ዳክዬዋን ልክ እንደ ተሳቢ ነዳት፤ ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከመዝለሉ በፊት መስታወት የሚያይ ይመስል አንገቱን ያዞራል። ሁለተኛዋን እንቁላል ሳያሻግር ቀበሮው በላው። እንደገና ሞከረ፤ በላው። "እጄን ያቺ ዶሮ ነቁራኝ ነው" አለ።

ሀጂራ ተራዋን ወሰደች። እጅጌዋን ሰበሰበች። አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን አሻገረች። ሙኒያ አክስቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ከዳክዬዋ ጋር አብራ ከወንበሯ ትነሳለች። አራተኛዋ አለፈች። አምስተኛዋ አለፈች። ስድስተኛዋ ላይ ቀበሮው ጅራቷን ሊይዝ አንድ ግንድ ሲቀረው ሀጂራ "ያ ረቢ!" ብላ ቁልፉን በመዳፏ መታችው። ዳክዬዋ ማዶ ዐረፈች።

ስክሪኑ ተቀየረ። ማዶው ዳር ላይ ሰባተኛ እንቁላል አለ። ከእንቁላሉ አጠገብ ዳክዬዋ ቆማለች። ዘውድ ጭናለች።

ተገኘ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። "አላልኩም? አላልኩም ወይ? በማርያም ዘውዱ! ዘውዱን እዩት!"

ሀጂራ ዘውዱን አየችው። ዳንስ የለም፣ ዕንቁም የለም፤ ዘውድ ግን አለ። ለዚያ ሁሉ ዘመን "ውሸታም" ስትለው ኖራ ሰውየው ዘውዱን አይቶ ነበር።

"ቆይ፣ ጽሑፍ አለው" አለች ሙኒያ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ። ስታነብ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን እያፈነች ነው። "ጋሽ ተገኘ፣ ያኔ ይሄን እንግሊዝኛ አንብበውት ነበር?"

"ደስታ ላይ ሆኖ ማን እንግሊዝኛ ያነባል?"

"'እናመሰግናለን፤ በነፃ የሚሰጠው ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል' ነው የሚለው። 'ሰባተኛዋን እንቁላል ለማሻገርና ዘውዱን ለመጫን ሙሉውን ጌም በዚህ አድራሻ ይዘዙ።' ይሄ ማስታወቂያ ነው። ሰባተኛዋ እዚህ ውስጥ ጭራሽ የለችም።"

ተገኘ የገለበጠውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠ።

"ታዲያ እኔ ያሻገርኳት የቷን ነው?" አለ ተገኘ ቀስ ብሎ።

"ስድስተኛዋን።"

ሀጂራ ዞር ብላ አየችው። ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊስቅ፣ ራሱም የወሰነ አይመስልም። አዘነችለት።

"ተገኘ" አለች። "ዘውዱን አይተሃል።"

"አይቻለሁ!"

"እኔ አምስተኛዋ ላይ ስቀር አንተ ስድስተኛዋን አልፈሃል። ውሸታም አይደለህም።"

"እሺ፣ ምንድን ነኝ?"

"መቁጠር የማትችል ሰው ነህ።"

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ያ ሳቁ ሲፈነዳ የሙኒያ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብረቶች ተንቀጫቀጩ። ሀጂራም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያማት ሳቀች። ተገኘ ወደ ሰርዶ መንገድ ሲወጣ፣ ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ስድስተኛዋን ያሻገርኩት ሰውዬ ሄድኩ!" ብሎ ጮኸ። ሀጂራም በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ሆቴሏ ተመለሰች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሏት ነበር። ሙኒያ ግን ነገር መጀመር እንጂ መተው የማታውቅ ልጅ ናት። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ድርጅት ድሮ ፈርሷል፤ እሷ ግን ጌሙን የሠራውን ሰው ስም ፈልጋ፣ አድራሻውን አግኝታ፣ አዋሽ የምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት ሆቴል ያላት አክስት እንዳለቻት ጻፈችለት። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ አትክልቱን የሚኮተኩት ሽማግሌ ነው። ዳክዬዋን የሚያስታውስ ሰው በዓለም ላይ የቀረ አልመሰለውም ነበር። ስለ ዶሮዋ የጻፈችለትን ደጋግሞ እንዳነበበ ነገራት፤ ሙሉውን ጌም በነፃ ላከላት። ሀጂራ በምላሹ በርበሬ ልትልክለት አስባ ነበር፤ "ሽማግሌ ነው፣ ትገድዪዋለሽ" ብላ ሙኒያ ከለከለቻት።

አሁን ሀጂራ ባንኮኒው ኋላ ላፕቶፕ አለ። አስተናጋጆቿ ሂሳብ በዘመናዊ መንገድ መያዝ ጀመረች ብለው ያደንቋታል። አንድ ቀትር ላይ፣ ሆቴሉ በተሳፋሪ ተጨናንቆ ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። ተገኘ ነው፤ ሰርዶ ጎማ እያስቀየረ።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አላት።

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"ምንድን ነው ከኋላሽ ጠቅ ጠቅ የሚለው?"

ሀጂራ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣበቀችው። ወንዙ እንደ ባሕር ሰፍቷል፤ ቀበሮዎቹ ሁለት ሆነዋል።

"ሽንኩርት እየተከተፈ ነው" አለች፤ ስልኩንም ዘጋችው።